የጥንት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላንን በሙሉ መጠን በቤት ውስጥ መሥራት፤ ለሙያና ለሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ውስጥ በትምህርት ሥራ የተሰማራ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ሐረግ ይገኛል። በደንቡ መሠረት አንድ ግለሰብ በቤቱ የሠራው አውሮፕላን በዚሁ ምድብ የመብረር ፈቃድ የሚያገኘው፣ ከጠቅላላው ሥራ የሚበዛውን ክፍል ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ሲሉ ብቻ የሠሩ ሰዎች የፈጸሙት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ትምህርት የሚለው ቃል በደንቡ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም። ሠሪው እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ በመዝገብና በፎቶግራፍ እያስደገፈ ማስረዳት ይኖርበታል፤ አውሮፕላኑም ከተፈቀደለት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሰዓት ድረስ በተወሰነ ክልል ውስጥ በሙከራ እንዲበር ይደረጋል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተውና ዛሬ የቀላል አውሮፕላኖች ማኅበር ተብሎ የሚጠራው ድርጅት ተቆጣጣሪዎቹን ወደ ሠሪው ቤት እየላከ ሥራው ገና ሳይሸፈን ውስጡን ያስመረምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሥራዎች መካከል አንዱን፣ ማለትም የጥንት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላንን በሙሉ መጠኑ እንደገና መሥራትን መርምሮ፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ከዚህ ሥራ ምን ሊወስዱ እንደሚችሉና ምን መተው እንደሚገባቸው መግለጽ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1916 በእንግሊዝ አገር የተሠራው የሶፕዊዝ ኩባንያ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። በይፋ የተሰጠው ስም ስካውት ይሁን እንጂ አብራሪዎቹ «ፐፕ» ማለትም ቡችላ ብለው ሰየሙት፤ ሹማምንቱ ይህን መጠሪያ ባይወዱትም ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀርቷል።

ይህ አውሮፕላን የተመረጠበት ምክንያት አለ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.08 ሜትር፣ ርዝመቱ 5.89 ሜትር ሲሆን፣ ሰውና ነዳጅ ሳይጨምር 357 ኪሎ ግራም፣ ለበረራ ሲዘጋጅ 556 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የክንፎቹ ስፋት በድምሩ 23.6 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ መምህሩ 556ን ለ23.6 እንዲያካፍሉ ተማሪዎቹን ቢያዛቸው፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 23.6 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መሆኑን ያገኛሉ። አውሮፕላኑ በ80 የፈረስ ጉልበት ሞተር ብቻ እየታገዘ በቀላሉ የሚነሣውና በዝግታ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1917 ኤድዊን ዳኒንግ የተባለው የባሕር ኃይል መኰንን በጉዞ ላይ ባለ መርከብ ወለል ላይ አውሮፕላን በማሳረፍ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን የቻለው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ግን ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ይህን የምናነሣው ነገሩ የልጆች መጫወቻ አለመሆኑ ከመነሻው ግልጽ እንዲሆን ነው።

ሁለት ክንፍ ለምን አስፈለገ?

ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎች እንደሚገምቱት መልሱ «ሁለት ክንፍ እጥፍ ያነሣል» የሚል አይደለም፤ እንዲያውም ሁለቱ ክንፎች ተቀራርበው በሚቀመጡበት ጊዜ አንዱ የሌላውን የአየር ፍሰት ስለሚያውክ፣ በመካከላቸው ያሉት ምሰሶዎችና ሽቦዎችም አየሩን ስለሚገቱ ኪሳራ አለው። ዋናው ምክንያት የጥንካሬ ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን የነበረው ክንፍ ስስ ስለሆነ ብቻውን ቢዘረጋ በቀላሉ ይታጠፋል። ሁለት ስስ ክንፎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በምሰሶ ቢያያዙና በሰያፍ ሽቦ ቢወጠሩ ግን አንድ ወፍራም ሣጥን ይሆናሉ። ይህ ዘዴ ከድልድይ ሥራ የመጣ ነው፤ ኦክታቭ ሻኑት የተባለው የባቡር ድልድይ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሠራው ሞተር አልባ ተንሸራታች ላይ የድልድይን አወቃቀር ወደ ክንፍ አዛወረው፤ የራይት ወንድማማቾችም ይህንኑ ተከተሉ።

አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሳለ ኃይሉ ክንፎቹን ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ከአካሉ ግርጌ ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ የሚሄዱት ሽቦዎች ይወጠራሉ፤ የላይኛው ክንፍ ወጋግራዎች ይጨመቃሉ፤ የታችኞቹ ይሳባሉ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚቆምበት ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ክንፎቹን ወደ ታች ስለሚያወርዳቸው፣ ከላይ ወደ ታችኛው ክንፍ የሚወርዱት ሌሎቹ ሽቦዎች ሥራውን ይረከባሉ። ሽቦ የሚሳብ እንጂ የሚገፋ ነገር ባለመሆኑ ሁለቱም ዓይነት የግድ ያስፈልጋሉ። ስለ መሳብና ስለ መጨመቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዓት ከማስተማር ይልቅ፣ በቀጫጭን ሸምበቆና በሲባጎ የተሠራ ሣጥን ተማሪው በእጁ እየገፋ የትኛው ሲባጎ እንደሚላላ እንዲያይ ማድረጉ ነገሩን ይበልጥ ያስጨብጣል።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሩን ይለካል። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራቸውን ጨርሰው ግድግዳ ለማፍረስ የተገደዱ ሠሪዎች ታሪክ በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመደ ነው። የፐፕ የላይኛው ክንፍ መካከለኛው ጠባብ ክፍል ላይ በሚገጣጠሙ ሁለት ቁራጮች የተከፈለ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ከአራት ሜትር አይበልጥምና በመጠነኛ ክፍል ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ወደ ስድስት ሜትር የሚጠጋው አካል ግን ረዘም ያለ መጋዘን ይፈልጋል።

አካሉ ከፊት እስከ ጭራ በሚዘልቁ አራት ረጃጅም እንጨቶች፣ በመካከላቸው በሚገቡ አጫጭር ምሰሶዎችና በሽቦዎች ይዋቀራል። እያንዳንዱ ሽቦ ማወጠሪያ ብሎን አለው፤ ሠሪው አንዱን ሲያጠብቅ ሌላውን እያላላ አካሉ ቀጥ እስኪል ድረስ ያስተካክላል። አንዱ ሽቦ ያለ ልክ ቢጠብቅ ጭራው ይጣመማል፤ ስለዚህ ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል።

የክንፉ ጎድኖች ግን ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚስማሙ ናቸው። ጎድን ማለት ለክንፉ የጎን ቅርጽ የሚሰጠው ስስ የእንጨት ሥራ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩት ጎድኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን ስላለባቸው፣ በመጀመሪያ በወፍራም ጣውላ ላይ ቅርጹ ይነደፋል፤ በንድፉ ዙሪያ ትናንሽ የእንጨት መያዣዎች ይመታሉ፤ ከዚያም ቀጫጭኑ እንጨት በመያዣዎቹ መካከል ተጣጥፎ ይገባና መጋጠሚያዎቹ በኮላና በኮምፔንሳቶ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ጎድን አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አሥረኛው ግን ለጀማሪ እንኳ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይሆናል። ፋብሪካ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ የአንድ ወጥነት ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

እንጨቱን በሚመለከት፣ በዚህ ሥራ የታወቀው ስፕሩስ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ጥንካሬው ከፍ ያለ ነው። ለአውሮፕላን የሚመረጠው ቁራጭ ጅማቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ በ15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ጅማቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካዘነበለ ይጣላል። ቋጠሮ፣ ስንጥቅ ወይም የሙጫ ከረጢት ያለበትም እንዲሁ። አናጢዎቻችን ጅማትን በመላጊያ አንደበት ያውቁታል፤ ነገር ግን በቁጥር ገልጾ የመቀበልና የመጣል ልማድ በወርክሾፖቻችን እምብዛም አልተስፋፋም። ጸሐፊው በዚህ ረገድ ከአውሮፕላን ሠሪዎች የምንማረው ብዙ ነው ብሎ ያምናል።

ኮላውም የራሱ ታሪክ አለው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ኮላ፣ እንዲሁም ከወተት አሬራ ፕሮቲን የሚዘጋጀው ካዜይን ያገለግሉ ነበር። ሁለቱም እርጥበት ያሸንፋቸዋል፤ ሻጋታም ይበላቸዋል። ዛሬ ሠሪዎች ኢፖክሲ የተባለውን ሰው ሠራሽ ኮላ ይመርጣሉ። ዘመኑን ጠብቆ መሥራትና ሕይወትን ጠብቆ መሥራት በተጋጩ ጊዜ ሁለተኛው ማሸነፍ ስለሚገባው ምርጫው ትክክል ነው። ኮላ በተበጠበጠ ቁጥር ሠሪው ሁለት ትርፍራፊ እንጨቶችን አያይዞ ያስቀምጣል፤ በማግስቱም በኃይል ይገነጥላቸዋል። ስብራቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለፈ ኮላው ደኅና ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ ከተላቀቀ ግን ያን ቀን የተሠራው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል። የራስን ሥራ በራስ እጅ አፍርሶ መመርመር ለተማሪ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ለመምህርም ቢሆን እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈጀው ግን ማንም የማያስበው ነገር ነው፤ ይኸውም እንጨትን ከእንጨት፣ ሽቦን ከእንጨት የሚያያይዙት ትናንሽ የብረት ቁርጥራጮች። እነዚህ በመቶዎች ይቈጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ይቈረጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይበሳሉ፣ በሞረድ ይስተካከላሉ። የጥንቱ ንድፍ በኢንች ስለ ተሠራ መለኪያውን ወደ ሚሊ ሜትር መለወጥም ግዴታ ነው። ሠሪዎች ሥራቸው በሺህ የሚቈጠር ሰዓት ወሰደ ሲሉ፣ ከዚህ ውስጥ እጅግ የበዛው በነዚህ ብረቶች ላይ የጠፋ ነው።

ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሞተሩ

አውሮፕላኑ በመጀመሪያ የተሸፈነው በተልባ እግር ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ከተወጠረ በኋላ ሴሉሎስ ያለበት ፈሳሽ ይቀባል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ጨርቁን ያኮማትረውና እንደ ከበሮ ቆዳ ያወጥረዋል። ዛሬ ግን ብዙዎች በካውያ ሙቀት የሚኮማተረውን የፖሊስተር ጨርቅ ይጠቀማሉ።

እዚህ ላይ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይህን ቅብ ይቀቡ ከነበሩት ሠራተኞች፣ በተለይም ከሴቶቹ መካከል፣ በቅቡ ውስጥ በነበረው ቴትራክሎሮኤቴን በተባለው ማሟሚያ ምክንያት ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ በጉበት በሽታ የታመሙና የሞቱ ነበሩ። ያ ማሟሚያ ከዚያ በኋላ ከሥራ ላይ ወጥቷል። ቢሆንም ዛሬ የሚሸጡትም ቅቦች በእሳት በቀላሉ የሚያያዙና ትነታቸው የሚጎዳ ስለሆነ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ጭምብልና ያለ በቂ አየር፣ ተማሪ ሊነካቸው አይገባም። ለመማሪያ የሚሆን የክንፍ ቁራጭ በአቡጀዲ ተሸፍኖ በውኃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ቢቀባ ውጥረቱን ለማሳየት ይበቃል፤ መርዝም እሳትም የለበትም።

ሞተሩ ከሁሉ የሚያስገርም ነው። የፐፕ ሞተር ለሮን የተባለው ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው ሞተር ሲሆን፣ ክራንክ ሻፍቱ ከአካሉ ጋር ታስሮ ቆሞ ሲሊንደሮቹ በሙሉ ከውልብልቢቱ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። መሽከርከሩ ሲሊንደሮቹን በአየር ያቀዘቅዛቸዋል፤ ነገር ግን ያን ያህል ብረት ሲዞር አውሮፕላኑ አቅጣጫውን ለመለወጥ ያስቸግራል። የብስክሌት ጎማ በሁለት እጁ ዘንጉን ይዞ ያሽከረከረና ከዚያ ወደ ጎን ለማዘንበል የሞከረ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይረዳል።

ሞተሩ የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት ነበር፤ የጉሎ ዘይት በቤንዚን በቀላሉ የማይሟሟ ስለሆነ ከሌሎቹ ዘይቶች ተመረጠ። ዘይቱ አንድ ጊዜ ብቻ ካገለገለ በኋላ ከሞተሩ እየተረጨ ይወጣና አብራሪውን ፊቱን ያለብሰዋል። በአገራችን በየጓሮው የሚበቅለው ጉሎ ለምን እንደሚጠጣ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ዘይቱን ሲተነፍሱ የዋሉት አብራሪዎች ስለ ሆዳቸው የሚተረከው ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዛሬ ጥንታዊውን ሞተር ማግኘትም መጠገንም እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ብዙ ሠሪዎች ሲሊንደሮቹ የማይሽከረከሩበትን አዲስ የኮከብ ቅርጽ ሞተር ይገጥማሉ። ከፊት ሲታይ ልዩነቱ ለብዙ ሰው አይታወቅም።

ቅጂ ወይስ አዲስ ሥራ?

ይህ ጥያቄ ሠሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል። በእንግሊዝ ኖርዘርን ኤሮፕሌን ወርክሾፕስ የተባሉት በጎ ፈቃደኞች የሶፕዊዝን ባለ ሦስት ክንፍ አውሮፕላን በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት በሠሩ ጊዜ፣ ገና በሕይወት የነበሩት ሰር ቶማስ ሶፕዊዝ ሥራው እንደ ቅጂ ሳይሆን ዘግይቶ እንደ ወጣ የኩባንያቸው ምርት እንዲቆጠር ፈቀዱ። ሶፕዊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞቱ፤ አውሮፕላኑ በ1992 በረረ። እነዚሁ ሰዎች ከዚያ በኋላ ካሜል የተባለውን የሶፕዊዝ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን መሥራት ጀምረው፣ አውሮፕላኑ ሊበር የቻለው ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ በ2017 ነው። ዕቅድ አዘጋጆች ይህን ቁጥር በጥሞና እንዲመለከቱት ያስፈልጋል። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሙያተኞች ይህን ያህል ከወሰደባቸው፣ በሴሚስተር የሚቆጠር ጊዜ ያለው ትምህርት ቤት ሙሉ አውሮፕላን እሠራለሁ ብሎ ቢነሣ በግማሽ የቀረ አፅም በመጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ማየቱ አይቀርም። ተማሪው የሚጀምረውን ይጨርስ ዘንድ የሚጨረስ ነገር ሊሰጠው ይገባል።

በአገራችን ታሪክም ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠራትና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ለብዙ ዘመን እዚያ ከቆየች በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። አሁን ዋናዋ በእጅ ስላለች፣ ሳትነካ ሳትፈታ መጠኗን መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ንድፏን በወረቀት ማስፈር ለቴክኒክ ተማሪዎች የሚመች ሥራ ይመስለናል። በየትም አገር ቅጂ የሚጀመረው ከመለካት ነው።

ክብደትን ማመዛዘን

አውሮፕላኑ ካለቀ በኋላ ከመብረሩ በፊት ይመዘናል። ሁለቱ ጎማዎችና ጭራው በሦስት ሚዛኖች ላይ ይቀመጣሉ፤ አካሉም የበረራ አቋሙን እስኪይዝ ድረስ ጭራው ከፍ ይደረጋል። ለማስተማሪያ ያህል እያንዳንዱ ጎማ 180 ኪሎ ግራም፣ ጭራው 20 ኪሎ ግራም ይዝናል እንበል። ጎማዎቹ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጭራው ደግሞ 400 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይርቃሉ። 360 በ20 ሲባዛ 7,200፣ 20 በ400 ሲባዛ 8,000፣ በድምሩ 15,200 ይሆናል። ይህ ለጠቅላላው ክብደት ለ380 ሲካፈል 40 ይደርሳል፤ እንግዲህ የክብደቱ ማእከል ከፊት ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው ማለት ነው። ጭራው ላይ የተጨመረች ትንሽ ክብደት ማእከሉን ምን ያህል እንደምትገፋው ተማሪው በሒሳብ ቢፈትሽ ይደነቃል። ማእከሉ ያለ ልክ ወደ ኋላ ከሸሸ አውሮፕላኑን ማረቅ ያስቸግራል፤ አብራሪውም ሊሞት ይችላል። የመፈንቅል ሕግ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ጥያቄ ብቻ መስሎ ለሚታየው ተማሪ ይህን መንገር ይጠቅማል።

ለትምህርት ቤት የሚሆነው

ከላይ በተገለጸው መሠረት የጸሐፊው አስተያየት ትምህርት ቤቶች የሚበር አውሮፕላን እንዲሠሩ አይደለም። የሚመከረው የፐፕን ክንፍ አንድ ሜትር ርዝመት ብቻ በሙሉ መጠን መሥራት ነው። የክንፉ ወርድ 1.56 ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 1.56 ካሬ ሜትር ይሆናል። አራት ወይም አምስት ጎድን፣ ሁለት ወጋግራ፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ይበቃሉ። እንጨቱ ከአናጢ ቤት የሚገኝ ደረቅ ጥድ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይበርበትምና።

ከዚያ በኋላ ቁራጩ ተገልብጦ ሁለቱ ጫፎቹ በጠንካራ መቀመጫ ላይ ይደረጋሉ፤ በበረራ ጊዜ ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል በመተካት በአሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ይጫኑበታል። የጥንቶቹ ፋብሪካዎችም ክንፋቸውን የፈተኑት በዚሁ ዘዴ ነበር። ለቀጥታ በረራ የሚያስፈልገው ጭነት 23.6 በ1.56 ተባዝቶ ወደ 37 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ አራት እጥፉ ደግሞ ወደ 147 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የአየሩ ኃይል በክንፉ የፊት ክፍል ስለሚበረታ ከረጢቶቹም ከኋላ ይልቅ ወደ ፊት ይበዛሉ። ተማሪዎቹ ከጭነቱ በታች እጃቸውንም ሆነ እግራቸውን እንዳያስገቡ መምህሩ መቆጣጠር አለበት። በየ10 ኪሎ ግራሙ ወጋግራው ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ጎበጠ ተለክቶ በመዝገብ ይጻፋል፤ ጭነቱ ሲነሣም ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል። ካልተመለሰ ሸራው በምላጭ ተከፍቶ የትኛው መጋጠሚያ እንደ ላላ፣ ያን መጋጠሚያ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ኮላ እንደ ሠራው ከሥራ መዝገቡ ይፈለጋል።